አንድ ወንበር ለአንድ ሰው፤ ትራክተር ላይ ልጅ አይጫንም

በእርሻ ወቅት ትራክተር ወደ አንድ ጎጥ ሲገባ ቀድመው የሚሰሙት ልጆች ናቸው። ድምፁን ከሩቅ ለይተው ጥጆቹንም ጨዋታውንም ትተው ይሮጣሉ። ማሽኑ ማሳው ጫፍ ላይ ሲደርስ አቧራ ለብሰው ከኋላ የሚከተሉ፣ ተሳቢው ላይ የተንጠለጠሉ፣ አንዳንዴም ከኦፕሬተሩ ጎን በጎማው መሸፈኛ ላይ የተቀመጡ ልጆች ይታያሉ። አባት ልጁን ከፍ ብሎ ሲያየው ደስ ይለዋል። እናት ከደጅ ቆማ ትመለከታለች። ኦፕሬተሩም ልጅ ከሚያለቅስ ብሎ ዝም ይላል። ሁሉም ደግ የሠራ ይመስለዋል።

ይሁን እንጂ የእርሻ ትራክተር የተሠራው ለአንድ ሰው ነው፤ እሱም ኦፕሬተሩ ነው። ከእሱ ሌላ ማሽኑ ላይ የወጣ ሰው የሚይዘው ቀበቶ፣ የሚደገፈው ጀርባ፣ ሲወድቅ ከጎማው የሚከልለው ነገር የለም። አንዳንድ አዳዲስ ትራክተሮች በጋቢናቸው ውስጥ ትንሽ ተጨማሪ ወንበር ቢኖራቸውም ወንበሩ ለአሠልጣኝ እንጂ ለልጅ የታሰበ አይደለም።

የግብርና ሜካናይዜሽን መስፋፋት ይበል የሚያሰኝ ነው። የእርሻ መሣሪያዎች ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ መፈቀዱ፣ የኩታ ገጠም አስተራረስና የበጋ መስኖ ስንዴ ልማት መስፋፋታቸው ትራክተርና ኮምባይነር ቀድሞ ወዳልደረሱባቸው ቀበሌዎች እንዲዘልቁ አድርጓል። በሰፋፊ እርሻዎች ማሽኑ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ከመኖሪያ መንደር ራቅ ብሎ ነበር። ዛሬ ግን በሁለትና በሦስት ጥማድ ማሳ፣ ከጓሮ አጥር ሥር፣ ልጆች በሚጫወቱበትና ጥጃ በሚያግዱበት መስክ ይዞራል። በኩታ ገጠም የተደራጀ አንድ ማሳ የብዙ አባወራዎች መሬት በመሆኑም ማሽኑ በገባ ቀን የብዙ ቤት ልጆች በአንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። ማሽኑ ወደ ቤት በቀረበ ቁጥር የልጆች ጥበቃም አብሮ መቅረብ ነበረበት። በብዙ ቦታ ግን ማሽኑ ቀድሞ ገብቷል፤ ጥንቃቄው ገና እየተከተለ ነው።

በሬ ያውቃል፤ ማሽን አያውቅም

አርሶ አደር ልጁን ከእርሻ ጋር ማሳደጉ ነውር የለውም። ልጅ ከአባቱ ኋላ እየተከተለ ዘር ያቀብላል፤ ጓል ይከሰክሳል፤ በአውድማ ላይ በሬ ይነዳል። እርሻ የሚለመደው በዚህ መንገድ ነው። ወላጆችም ልጅን በበሬ እርሻ ላይ እንዴት መጠበቅ እንዳለባቸው ከአያት ከቅድመ አያት የወረሱት ዕውቀት አላቸው። የሚራገጠውን በሬ ያውቁታል፤ የሚወጋውን ይለዩታል፤ ልጁንም ከየትኛው ጎን ቁም እንደሚሉት ያውቃሉ።

ችግሩ ይህ ዕውቀት ለማሽን አለመሥራቱ ነው። በሬ ፊቱ ልጅ ሲወድቅ ያያል፤ ይደነግጣል፤ ይቆማል። ሲጠሩት ይሰማል። ትራክተር ግን አያይም፣ አይሰማም፣ አይደክምም። መካከለኛ ትራክተር ብቻውን ከ25 እስከ 40 ኩንታል ይመዝናል። ተሳቢውና ጭነቱ ሲታከልበት ክብደቱ ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። የሞተሩ ጩኸት ደግሞ የልጅን ድምፅ ስለሚውጠው ልጁ ቢጮኽም ኦፕሬተሩ ላይሰማው ይችላል። ዓይኑም ፊት ለፊት ያለውን ትልም እና ከኋላ ያለውን ማረሻ በየተራ ስለሚከታተል ከጎማው ሥር ያለውን ቦታ ጨርሶ አያየውም።

በመሆኑም በሬ ላይ የሠራው ልማድ ወደ ማሽን ሲሸጋገር መለወጥ ይኖርበታል። በበሬ እርሻ «ተጠንቀቅ» ማለት ይበቃ ይሆናል። በማሽን እርሻ የሚሠራው ልጁ ጨርሶ እዚያ አለመኖሩ ነው።

ከመሸፈኛው እስከ ጎማው

ሾፌሮች ፓራፋንጎ በሚሉት የጎማ መሸፈኛ ላይ መቀመጥ በገጠር የተለመደ ነው። አደጋውን ለመረዳት ቀላል ስሌት ይበቃል። የሚያርስ ትራክተር በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል እንበል፤ ይህ ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው ፍጥነት ነው። በዚህ ፍጥነት በአንድ ሰከንድ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ይሄዳል። ኦፕሬተሩ ልጅ መውደቁን አይቶ፣ ደንግጦ፣ ፍሬን ረግጦ ማሽኑ እስኪቆም ቢያንስ አንድ ሰከንድ ያልፋል። ከመሸፈኛው ፊት ለፊት የወደቀ ልጅ ግን ከኋላው ጎማ የሚርቀው ስንዝር ወይም ሁለት ስንዝር ነው። ጎማው ልጁ ላይ የሚደርሰው የኦፕሬተሩ እግር ፍሬኑን ሳይነካ ነው። ይህን አደጋ የኦፕሬተሩ ብልሃትም ልምድም አያስቀረውም።

ልጁ በአባቱ ጭን ላይ ሲቀመጥስ? ብዙ ወላጆች ይህን ከሁሉም የተሻለ ጥንቃቄ አድርገው ያዩታል። ነገር ግን አባት ሁለቱም እጆቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ አንዱ መሪ ላይ፣ ሌላው ማርሽ ወይም የማረሻው ማንሻ ላይ። ጎማው ድንጋይ ሲረግጥ ወይም ቦይ ሲገባ ልጁን የሚይዝበት ሦስተኛ እጅ የለውም። የልጁ እግር ወይም ጉልበት ማንሻውን ሊነካ ይችላል። አባት ልጁን ለመያዝ መሪውን ከለቀቀ ደግሞ ሁለቱም አደጋ ላይ ናቸው።

በተዳፋት መሬት፣ በእርከን ጠርዝና በቦረቦር አፋፍ ላይ የሚታረስ ማሳ ተጨማሪ ስጋት አለው። ትራክተር የስበት ማዕከሉ ከፍ ያለ በመሆኑ በጎን ለመገልበጥ ቅርብ ነው። ከባድ ነገር በተሳሳተ ቦታ ታስሮ ሲጎትት ወይም ከተቀበረ ጭቃ ለመውጣት ሲታገል ደግሞ ፊቱ ተነስቶ ወደኋላ ይገለበጣል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። ከኦፕሬተሩ ወንበር በላይ የሚቆመው የብረት ደጋን የሚያድነው በቀበቶ ወንበሩ ላይ የታሰረውን ሰው ብቻ ነው። መሸፈኛው ላይ የተቀመጠን ልጅ አይከልልም።

ልጅ ባልተጫነበትም ጊዜ

ከማሽኑ መውረድ ብቻውን መዳን አይደለም። ኦፕሬተሮች ፒ.ቲ.ኦ. የሚሉት፣ ከትራክተሩ ጀርባ ወጥቶ መውቂያውን ወይም የውኃ መሳቢያውን የሚያሽከረክረው ዘንግ በመደበኛ ፍጥነቱ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል። ይህም በአንድ ሰከንድ 9 ዙር ማለት ነው። የነጠላ ዘርፍ፣ የጋቢ ጫፍ ወይም የቀሚስ ጠርዝ ከያዘ ሰውየውን ጠቅልሎ ይወስዳል። ጉልበተኛ ጎልማሳም ቢሆን ከዚህ ራሱን መንጭቆ አያወጣም። ዘንጉ የፋብሪካ ሽፋን አለው። ይሁንና ሽፋኑ ሲሰበር ሳይተካ፣ ለጥገና ሲወልቅ ሳይመለስ የሚሠራ ማሽን ጥቂት አይደለም። ሽፋን የሌለው ዘንግ ባለበት ሁሉ ልጅ ነዶ ማቀበል፣ ገለባ መጎተት፣ በአጠገቡ ማለፍም አይገባውም።

በአጨዳ ወቅት ኮምባይነር ሲገባ ልጆች ቃርሚያ ለመልቀም ከኋላው ይከተላሉ። ኮምባይነር ግን የሚታጠፈው በኋላ ጎማዎቹ ነው። ፊቱ ወደ አንድ ጎን ሲዞር ጀርባው ወደ ሌላኛው ጎን በስፋት ይወረወራል። መኪና ሲታጠፍ ያየ ልጅ ይህን አይጠብቅም። ማሽኑ የማሳው ጫፍ ደርሶ ሲመለስ ወይም የተዘጋውን ለማጽዳት ወደኋላ ሲል ኦፕሬተሩ ከጀርባው ያለውን አያይም። ስለዚህ ቃርሚያ የሚለቀመው ማሽኑ ከዚያ ማሳ ወጥቶ ሲጨርስ ብቻ ነው።

የኮምባይነሩ የእህል ማጠራቀሚያም ለልጅ የሚያጓጓ የጨዋታ ቦታ ይመስላል። እህሉ ከሥር ሲለቀቅ እንደ ውኃ ይፈስሳል። በላዩ የቆመን ልጅ በሰከንዶች ውስጥ ወደታች ይስበዋል፤ ያፍነዋልም። ተሳቢ ላይ በተከመረ እህል ላይ መጓዝም የራሱ አደጋ አለው። ከረጢቱ ሲንሸራተት ልጁ አብሮ ይወርዳል፤ የሚወርደውም ወደ ተሳቢው ጎማ ነው።

የቆመ ማሽንም አደጋ አለው። ቀትር ላይ ኦፕሬተሩ ለምሳ ሲሄድ ልጆች በማሽኑ ጥላ ሥር አረፍ ይላሉ፤ እንቅልፍም ይወስዳቸዋል። ኦፕሬተሩ ተመልሶ ማሽኑን ዙሪያውን ሳያይ ሊያስነሳው ይችላል። ማረሻው ከፍ እንዳለ ቆሞ ከሆነ ደግሞ ማንሻውን የነካ ልጅ በሥሩ ባለው ልጅ ላይ ሊያወርደው ይችላል። በረጅም ሰብል ውስጥ የተኛ ወይም ድብብቆሽ የሚጫወት ልጅም ለኮምባይነር ኦፕሬተር አይታየውም።

ሞተር ሳይክሉና ባጃጁ

ልጆችን በማሳ መካከል የሚያመላልሰው ትራክተር ብቻ አይደለም። ሞተር ሳይክል የባለሙያው፣ የነጋዴውና የወጣቱ ማጓጓዣ ሆኗል። መንገድ በሌለበት፣ በወንዝ ዳርና በድንጋያማ አቀበት ላይ ሁለትና ሦስት ሰው ጭኖ ሲሄድ፣ ልጅም ከነዳጁ ታንከር ላይ ተቀምጦ ይታያል። በዚህ ቦታ ያለ ልጅ ግጭት ቢደርስ ቀድሞ የሚመታው መሪው ላይ ነው። ከኋላ የተቀመጠ ትንሽ ልጅ ደግሞ እግሩ መርገጫው ላይ ስለማይደርስ በጎማው ሽቦዎች መካከል ሊገባ ይችላል። ለአዋቂ የተሠራ የራስ ቁር ለልጅ ራስ አይበቃም፤ ሰፍቶ ይዞራል፤ ይወልቃል።

መርሁ ቀላል ነው። እግሩ መርገጫው ላይ በሙሉ የማያርፍ፣ ሾፌሩን በሁለት እጁ አጥብቆ መያዝ የማይችል፣ በልኩ የሆነ የራስ ቁር የሌለው ልጅ በሞተር ሳይክል አይሄድም። ባጃጅም የተሠራው ለመንገድ እንጂ ለማሳና ለገደል ዳር አይደለም። ሦስት ጎማ በመሆኑ በተዳፋት ላይ በቀላሉ ይገለበጣል፤ ከጎኑም ክፍት ነው።

በሌሎች አገሮችም ጉዳዩ ትኩረት ተሰጥቶታል። እንግሊዝ በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በእርሻ ሥራ ላይ ያለ ትራክተር ላይ መሳፈር አይችልም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ ለማሳና ለጫካ በተሠሩ ባለአራት ጎማ ሞተሮች ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች እንዳይሳፈሩ ይመክራል። እነዚህ አገሮች ወደዚህ የደረሱት ትራክተር ከእኛ ቀድሞ ስለገባላቸውና ልጆቻቸውንም ቀድመው ስላጡ ነው። እኛ ከእነሱ ጉዳት መማር እንችላለን። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን ጊዜው አሁን ነው።

ሕጉ ኃላፊነቱን ለማን ይሰጣል?

የኢፌዲሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት ትምህርታቸውን፣ ጤናቸውንና ደኅንነታቸውን ከሚጎዳ ሥራ የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣት ሠራተኞችንም ለጤናቸውና ለሕይወታቸው አደገኛ በሆነ ሥራ ላይ ማሠራት አይፈቀድም። ስለሆነም የማሽን ባለቤት «ረዳት» ብሎ ታዳጊ ልጅን ከመውቂያው አጠገብ ሲያቆም ሕግ እየጣሰ መሆኑን ሊያውቅ ይገባል። ተሽከርካሪ ለመንዳትም ቢሆን የመንጃ ፈቃድ የሚሰጠው 18 ዓመት ለሞላው ሰው ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ዛሬም በሥራ ላይ ያለው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የማሽን ወይም የተሽከርካሪ ባለቤት ማሽኑ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። ማሽኑን ያንቀሳቀሰው ሰው ባለቤቱ ያልፈቀደለት ቢሆንም ባለቤቱ ከኃላፊነት አያመልጥም። ቁልፉን ማሽኑ ላይ ትቶ የሄደ ባለቤት፣ ልጅ አስነስቶት ጉዳት ቢደርስ «እኔ አልነዳሁም» ማለት አይጠቅመውም። ይኸው ሕግ በአንቀጽ 2124 አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ለሚያደርሰው ጉዳት አባት በሕግ ኃላፊ እንደሚሆን ይገልጻል። በቸልተኝነት ለሰው ሞት ወይም የአካል ጉዳት ምክንያት መሆን ደግሞ በወንጀል ሕጉ ያስጠይቃል።

ሆኖም አንድ ክፍተት አለ። በቤተሰብ ማሳ ላይ፣ ያለ ቅጥርና ያለ ደመወዝ፣ አባት ልጁን ትራክተር ላይ ሲያወጣው ተቆጣጣሪ አይመጣም። በዚያ ማሳ ላይ ሕጉን የሚያስፈጽመው ወላጅ ነው። እሱ «አይሆንም» ካላለ ሌላ ማንም አይልም።

ወላጅ ምን ያድርግ?

ማሽን የሚገባበት ቀን አስቀድሞ ይታወቃል። በዋዜማው ማታ የሚጠየቀው ጥያቄ ነዳጅ ስንት ሊትር፣ ዋጋው ስንት ብር የሚለው ብቻ መሆን የለበትም። «ነገ ልጆቹን የሚይዛቸው ማነው?» የሚለውም አብሮ ይጠየቅ። እናት ለሠራተኛው ምግብ ስታዘጋጅ፣ አባት ማሳው ላይ ሲውል ልጁ የሁለቱም ሆኖ የማንም ሳይሆን ይቀራል። ስለዚህ አንድ ሰው በስም ይመደብ። አያት፣ ታላቅ እህት ወይም ጎረቤት ሊሆኑ ይችላሉ። በኩታ ገጠም ማሳ ላይ ያሉ ቤተሰቦች ደግሞ የሁሉንም ልጆች በአንድ ግቢ አሰባስበው በየተራ መጠበቅ ይችላሉ። ማሽኑ በአንድ ቤተሰብ መሬት ላይ የሚቆየው ጥቂት ሰዓት ነው፤ ይህን ያህል ልጅ ማስያዝ ለማንም ከባድ አይደለም።

ቁልፉ ከማሽኑ ይነቀል። ኦፕሬተር ለምሳም ይሁን ለሽንት ሲወርድ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ማረሻውን መሬት አውርዶ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቦ ቁልፉን በኪሱ ይያዝ። ከማስነሳቱ በፊት ደግሞ ማሽኑን አንድ ዙር ዞሮ ይመልከት። ይህ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ልጆች የሚጠብቁበት ወሰንም በዓይን የሚታይ ይሁን። «ራቅ በሉ» የሚል ትእዛዝ ለልጅ ግልጽ አይደለም። «ከግራሩ ወዲያ አትለፉ»፣ «ከአጥሩ አትውጡ» ግን ይገባዋል። ትንሽ ልጅ ትእዛዙን ቢሰማም ይረሳል፤ የማሽንን ፍጥነትም መገመት አይችልም። ስለዚህ ለትንንሾቹ ወሰኑ በቂ ስላልሆነ ከአዋቂ ዓይን መራቅ የለባቸውም።

ከ12 ዓመት በላይ ያሉት ደግሞ ሌላ ፈተና አላቸው። እነሱ ፍርሃት ሳይሆን ጉጉት ይመራቸዋል፤ በጓደኞቻቸው ፊትም ጀግና መባል ይፈልጋሉ። ለእነዚህ መከልከል ብቻውን አይበቃም። ሞተሩ በጠፋበት ጊዜ የማሽኑን ክፍሎች ማሳየት፣ የዘይት መጠን እንዴት እንደሚታይ ማስተማር፣ ግሪስ የሚገባበትን ቦታ ማሳወቅ ይቻላል። ማሽን የሚወድ ታዳጊ ዕድሜው ሲደርስ በቴክኒክና ሙያ ተቋም ሠልጥኖ ፈቃድ አውጥቶ የዚህ ሙያ ባለቤት ሊሆን ይችላል። ለዚያ የሚበቃው ግን እጅና እግሩ ጤነኛ ሆኖ ሲያድግ ነው።

አርሶ አደሩ ኦፕሬተሩን ላለማስቀየም የሚፈራበት ጊዜም አለ። ወረፋ ጠብቆ ያገኘው ማሽን እንዳይሄድበት ይሰጋል። ኦፕሬተሩ ደግሞ የሚከፈለው ባረሰው መሬት ልክ ስለሆነ ይቸኩላል፤ ልጅ ለማውረድ ማቆም ጊዜ ማባከን ይመስለዋል። በዚህ መካከል ልጁን የሚያወርደው ይጠፋል። ይህ የሚፈታው ነገሩ ከሥራው በፊት በስምምነት ሲያልቅ ነው። ማሽን ሲከራይ «ልጅ ከወጣ ሥራው ይቆማል» ተብሎ ከተነገረ በኋላ ማንም ማንንም አያስቀይምም።

ወረዳና ቀበሌ የሚያደርጉት

ለወረዳ አመራሮችና ለግብርና ጽሕፈት ቤቶች ይህ አዲስ በጀት የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። አብዛኛው አሁን ባለው አሠራር ውስጥ የሚካተት ነው።

አንደኛ፣ የሜካናይዜሽን አገልግሎት በኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም በግል አቅራቢ ሲሰጥ በስምምነቱ ላይ ሦስት ነጥቦች ይግቡ፦ ከኦፕሬተሩ በስተቀር ሰው አይጫንም፤ የሚሽከረከር ዘንግ ያለ ሽፋን አይሠራም፤ ማሽኑ ሲቆም ቁልፉ ይነቀላል። ይህን የጣሰ አቅራቢ በሚቀጥለው ወረፋ ወደኋላ ቢደረግ ሕጉ በፍጥነት ይለመዳል።

ሁለተኛ፣ ማሽኖች ወደ ማሳ ከመግባታቸው በፊት ከሚደረገው ውይይት ውስጥ ስለ ልጆች የሚነገር ሩብ ሰዓት ይመደብ። የልማት ጣቢያ ባለሙያው ስለ ዘርና ማዳበሪያ በሚያስረዳበት መድረክ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ቤት ለቤት ስትሄድ ይህን ማንሳት ይችላሉ። ትምህርት ቤቶችም ልጆች ወደ ማሳ በሚሳቡበት የአጨዳ ወቅት በሰልፍ ሰዓት ያስታውሱ።

ሦስተኛ፣ ዕድሮች በተሳቢ ለቀብርና ለሠርግ ሲጓዙ ልጅ እንዳይጫን በመተዳደሪያቸው ቢያስገቡ የሚሰማቸው ብዙ ነው። የዕድር ዳኛ የተናገረውን ሰው ከባለሥልጣን ትእዛዝ በላይ ያከብረዋል።

አራተኛ፣ በማሳ ላይ የሚደርስ አደጋ ይመዝገብ። የልጁ ዕድሜ፣ ማሽኑ ምን እንደነበርና አደጋው እንዴት እንደደረሰ በጤና ጣቢያና በቀበሌ ከተያዘ ወረዳው የት ላይ ትኩረት ማድረግ እንዳለበት ያውቃል።

አምስተኛ፣ አርአያነት ከላይ ይጀምር። በመስክ ጉብኝት ቀን አመራሩ ራሱ በትራክተር መሸፈኛ ላይ ተቀምጦ ፎቶ ከተነሳ፣ ለአርሶ አደሩ «ልጅህን አውርድ» ማለት ይከብደዋል።

አደጋ ከደረሰ

ጥንቃቄው ሁሉ ተደርጎም አደጋ ሊደርስ ይችላል። መጀመሪያ የሚደረገው ሞተሩን ማጥፋት ነው። በማሽን የተያዘን እጅ ወይም እግር ማሽኑን ወደኋላ በማዞር ለማውጣት መሞከር ጉዳቱን ያባብሳል። የሚፈስ ደም በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ በመጫን ይቆማል፤ ጨርቁ ሲርስ ሳያነሱ በላዩ ሌላ ይደረጋል። በቁስሉ ላይ አፈር፣ ቡና ወይም ቅጠል አይደረግም።

ጎማ የሄደበት ልጅ ላዩ ላይ ቁስል ባይታይም፣ ተነስቶ ቢራመድም ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። በታረሰ ለስላሳ አፈር ላይ የወደቀ ልጅ አጥንቱ ሳይሰበር በሆዱ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል። ፊቱ መገርጣቱ፣ ላቡ መቀዝቀዙና ሆዱ መነፋቱ የዚህ ምልክቶች ናቸው። ጀርባውን ወይም አንገቱን የተመታ ልጅ ደግሞ እቅፍ ተደርጎ ሳይሆን በቃሬዛ ወይም በጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ ቀጥ ብሎ ይወሰዳል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ባለበት አካባቢ 907 መደወል ይቻላል። አምቡላንስ በሌለበትም የቀበሌው ሰው ማን መኪና እንዳለው አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

የተሰበረ እግር ወይም እጅ ያለበትን ልጅ በቀጥታ ወደ ወጌሻ መውሰድ በብዙ ቦታ የተለመደ ነው። ነገር ግን በቀርከሃ ተጠብቆ የታሰረ እጅና እግር ደም ሳይደርሰው ቀርቶ ለመቆረጥ የሚዳረግበት ሁኔታ በአገራችን ሐኪሞች በተደጋጋሚ የታየ ነው። ታስሮም ከሆነ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ስሜት ካጡ ሳይውሉ ሳያድሩ ማሰሪያውን ፈትቶ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ይገባል።

ትራክተር ለአርሶ አደሩ የሰጠው ጊዜ ነው። በበሬ ሳምንት የሚፈጀውን ሥራ በአንድ ቀን ይጨርሳል። ከዚህ ከተረፈው ጊዜ ላይ ልጅን ለማስያዝ የሚያስፈልገው ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ማሽኑ ሊታረስ ወደ ማሳ ሲገባ አባት ሁለት ነገር ብቻ ያረጋግጥ፦ ወንበሩ ላይ አንድ ሰው አለ፤ ልጆቹ ደግሞ ከአጥሩ ወዲህ ናቸው።